ስሟ ካልገባ መዝገቡን አልከፍትም

ከቶሮንቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሄድኩት ገናንና ጥምቀትን ከዘመድ ጋር ላሳልፍ ነው። ለሰው የተናገርኩት እንደዚያ ነው። ያስኬደኝ ግን የአባቴ ቤት ነው። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቤቱ ዛሬም በእሱ ስም ነው።

በአምስት ሳምንት ውስጥ የተገለገልኩባቸውን በአጭሩ ልናገር። ሆቴሉ ደህና ነው፤ ሙቅ ውኃው ግን ጠዋት ብቻ ነው የሚመጣው። ሹፌሩ አንደኛ! አባይ በረሃን በመኪና ልውረድ ብዬ ነበር። መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች ከለከሉኝና እስከ ባሕር ዳር በረርኩ። ከዚያ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም አድርጎ አደረሰኝ። ከእያንዳንዱ ከተማ ሳይወጣ ይደውላል። «ወደፊት እንዴት ነው?» ይላል። መልሱ ካልጣመው ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣለን። የቸኮልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የቀረው ጠበቃው ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት ጠበቃ በደላላ የመጣ ነው። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ ከሚጽፉት ሰዎች መካከል ቆሜ ሳመነታ፣ አንድ ወጣት መጥቶ «ጋሼ፣ ጉዳይ አለዎት?» አለኝ። ከውጭ መምጣቴ ከጫማዬ ያስታውቃል መሰለኝ። ወሰደኝ። ሰውዬው ወረቀቶቼን አንዱንም አላየም። «ቀላል ነው፣ ውስጥ ሰው አለን፣ በሳምንት እናወጣዋለን» አለኝ። ዋጋውን ስጠይቅ ከቤቱ ግምት አሥር በመቶ አለ። ማንም ላልተከራከረበት የወራሽነት ማረጋገጫ ከቤት ላይ አሥር በመቶ! ውል እንጻፍ ስለው ደግሞ «እኛ በቃላችን ነው የምንሠራው» ብሎ ሳቀ። ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። የሻዩን ሒሳብም እኔው ከፈልኩ።

ሁለተኛዎቹን የጠቆመችኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለች ሴት ናት። እንዲህ ያለውን ነገር መጠየቅ ያለባችሁ እንደ እሷ ያለውን ሰው ነው። የከተማው የፍርድ ቤት ወረቀት ሁሉ በእጇ ያልፋል። ማን ጠበቃ ወረቀቱን አስተካክሎ እንደሚያመጣ፣ ማን ደግሞ በቀጠሮው ጠዋት እየሮጠ እንደሚመጣ ታውቃለች።

ቢሮው ከመድኃኒት ቤት በላይ አንዲት ክፍል ናት። ሁለት ጠበቆች ይጋሩታል። አንደኛው ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሌላዋ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት። አንዲት ጸሐፊም አለች። ድርጅት ብላቸው ለአነጋገር ያህል ነው። በፌዴራል ደረጃ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ ከዚያ በፊት ጠበቃ በግሉ ብቻ ነበር የሚሠራው። እነዚህ ግን የሚሠሩት በክልሉ ፈቃድ ነው። ለኛ ለውጭ ነዋሪዎች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባ ጠበቃ ከመያዛችሁ በፊት የክልሉ ፍርድ ቤት የሚያስቆመው ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። እኔ እዚህ ፈቃድ አሳዩኝ ስል አፍሬ ነበር። ሴትየዋ ግድግዳው ላይ አሳየችኝና «የታደሰበትን ቀንም ይዩ እንጂ» አለች።

ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቀችኝ። ያ የመጀመሪያው ሰውዬ ምንም አልጠየቀኝም ነበር። የሞት ማስረጃ አለ? እናታችሁ መቼ ዐረፉ? ቤቱ የተሠራው ከጋብቻ በፊት ነው ከጋብቻ በኋላ? ካርታውን ከቀበሌው ወረቀት ጋር አስተያየችና ፈገግ አለች። ካርታው ላይ አባቴ በመጠሪያ ስሙ ነው ያለው፤ ቀበሌው ግን በክርስትና ስሙ መዝግቦታል። በሕግ ዓይን ሁለት ሰው ነው ማለት ነው። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ነገር ሳንይዝ ብንገባ ኖሮ መዝገቡ እዚያው ይቆም ነበር። እናንተም ከመሳፈራችሁ በፊት የወላጆቻችሁን ስም በየወረቀቱ አስተያዩ።

ቀጥላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ አለ?»

አጎቴ አብሮኝ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

አለች። ቢቸና የምትኖር እህት አለችኝ። አባቴ እናቴን ሳያገባ የወለዳት ናት። በልጅነቴ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ፤ ለቅሶው ላይ ደግሞ ከኋላ ቆማ በቪዲዮ አየኋት። ቤታችን ውስጥ ስሟ የሚነሣው በሹክሹክታ ነው። አጎቴ «እሷ አልጠየቀችም፣ ምን አገባን?» አለ። እውነቱን ልናገርና እኔም ዝም ብዬ ነበር።

ጠበቃዋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ስሟ ካልገባ መዝገቡን አልከፍትም» አለች። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ይላል። ምስክር አስምለን «ሌላ ልጅ የለም» ብናስብል፣ ነገ እሷ መጥታ ማረጋገጫውን ታስሰርዘዋለች። በሐሰት የመሰከሩት ጎረቤቶቻችን ደግሞ ይጠየቁበታል። «እርስዎ ቶሮንቶ ይሄዳሉ፤ እነሱ ግን እዚሁ ናቸው» አለችኝ። ይቺኛዋ ገባችኝ።

አጎቴ ተነሥቶ ሊወጣ ሲል ጠና ያሉት ጠበቃ ከማዶ ጠረጴዛ ጣልቃ ገቡ። «አያ፣ ስንት የምትወስድ መስሎህ ነው?» አሉት። «ሩብ ነዋ! አራት ልጅ፣ አራት እጅ» አለ። ሰውዬው ወረቀት ሳቡና ሠሩለት። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተሠራ የጋራ ንብረት ነው። ስለዚህ ግማሹ የእናቴ ነበር። የእናቴን ግማሽ የሚወርሱት እሷ የወለደችን ሦስታችን ብቻ ነን፤ ለየብቻችን አንድ ስድስተኛ። የአባቴ ግማሽ ነው ለአራት የሚከፈለው። ስለዚህ የቢቸናዋ እህቴ ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው። የኛ አንድ ስድስተኛ ሲደመር አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም ከሃያ አራት እጅ ሰባት ሰባት። የሷ ሦስት። አጎቴ ቁጥሩን ደጋግሞ አየ። «እንግዲህ ከሆነ…» ብሎ ተቀመጠ። ስለዚህ የከፈትነው ሁለት ማመልከቻ ነው፤ አንዱ ለእናቴ፣ አንዱ ለአባቴ። ያለ እነሱ ቢሆን ሁለተኛውን አላስበውም ነበር።

የኔ ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነበር። የካናዳ ዜጋ ስለሆንኩ መውረስ አልችል ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 837 ላይ የወራሹ ጾታ፣ ዕድሜና ዜግነት የውርስ መብቱን አይነካውም ይላል። 1952 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ነው፤ እኔ ደግሞ ስንት ዓመት በወሬ ስፈራ ኖሬያለሁ። ቤት በስም ለመያዝ ግን የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያው፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ይረዳል። ካላወጣችሁ አውጡ።

አሁን ወደ አጎቴ ልጅ እንምጣ። አባቴ በሕይወት እያለ ውክልና ሰጥቶት የፊት ለፊቱን ሱቆች ኪራይ ይሰበስብ ነበር። አባቴ ከሞተም በኋላ በዚያው ውክልና ይሰበስባል። ወካዩ ሲሞት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው ያበቃል። እሱም አላወቀም፤ እኛም አላወቅንም። ይህኛው አጎቴ (የሱ አባት ሌላው አጎቴ ነው) እንክሰሰው ባይ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» እያለ ቢሮውን ሞላው። ጎጃም ተወልዶ ሙግት የማይወድ ብርቅ ነው፤ እኔም ደሜ ሞቆ ነበር። ጠበቃዋ «እስቲ መጀመሪያ ጭብጦዋ መሄድ አለመሄዷን እንይ» አለች።

ክስ መመሥረት ለሷ ገንዘብ ነው። እሷ ግን ልጁን ደውላ ቢሮ ጠራችው። ደብተሩን ይዞ መጣ። የሰበሰበውን ኪራይ፣ ለጣራው የገዛውን ቆርቆሮ፣ ለማዘጋጃ ቤት የከፈለውን ግብር፣ ሁሉንም ጽፏል። የአባቴን ተዝካር ያወጣውም እሱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ክርክር ተነሣ። ሕጉ የቀብር ወጪን ከውርሱ ላይ ያስከፍላል፤ ተዝካርን ግን ከቀብር ወጪ አይቆጥርም። ጠበቃዋ ይህን ነገረችንና «በሕግ እንዲህ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብላ ቡና ልታዝ ወጣች። ተያየን። ለአባቴ ነፍስ የተደገሰውን ድግስ ማን ይቀንሳል? ተቀበልነው። ተርፎ የተገኘው ገንዘብ ደግሞ ያን ያህል ለክስ የሚያስቸኩል አልነበረም። በስምምነት ተጽፎ ተፈረመ።

ሌላው ሰው በማይገባው መንገድ ውርስ ይዞባችሁ ከሆነ ግን እንዲህ አትዝናኑ። መብታችሁንና ንብረቱ መያዙን ካወቃችሁ በ3 ዓመት ውስጥ ካልጠየቃችሁ ይርጋ ሊመጣባችሁ ይችላል፤ የመጠየቂያው ጊዜ አልፏል ትባላላችሁ ማለት ነው።

ክፍያው በውል ነው። በሦስት ተከፈለ፦ ማመልከቻው ሲገባ፣ ማረጋገጫው ሲወጣ፣ ስሙ ሲዞር። የዳኝነት ክፍያው ለብቻ ተጽፏል፤ እሱ ለፍርድ ቤቱ የሚገባ ስለሆነ ደረሰኙን አመጡልኝ። ዋጋውን አልጽፍም። እንደ ጉዳዩ ይለያያልና የኔ ዋጋ ለሌላው ጠብ ይሆናል። ያ የመጀመሪያው ሰው ከጠየቀኝ ጋር ግን አይገናኝም።

ቅሬታም አለኝ። ስልክ አያነሡም። ችሎት ላይ ሲሆኑ ይገባኛል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይም ግን አያነሡም። ቴሌግራም ላይ ብትጽፍላቸው ይመልሳሉ፤ እሱም ኔትወርክ ሲኖር። አንድ ቀጠሮ ምስክሮቼን ሦስቱንም ይዤ ሄጄ «ዳኛው ስልጠና ላይ ናቸው» ተባልኩ። ጸሐፊዋ በዋዜማው ታውቅ ነበር፤ መንገር ረሳች። ከምስክሮቹ አንዷ የሰማንያ ዓመት አሮጊት ናቸው፤ በባጃጅ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ተበሳጨሁ፣ ተናገርኩም። ጠበቃዋ ይቅርታ ጠይቃ በሚቀጥለው ቀጠሮ ምስክሮቹን ራሷ አመጣቻቸው። ክረምት ላይ ሳልመጣ ግን ተረፍኩ። ብዙዎቻችን የምንመጣው የልጆች ትምህርት ሲዘጋ ነው፤ ክረምቱ ሲገፋ ደግሞ ፍርድ ቤቶች እረፍት ይወጣሉ፣ ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር አይታይም።

ያላለቀው የእህቴ ውክልና ነው። ኦታዋ ያለችው እህቴ ከዚህ በፊት «ማንኛውንም ጉዳይ» የሚል ውክልና ልካ ነበር። ጠበቃዋ አንብባ መለሰችው። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ፣ ለመታረቅ ወይም ለመክሰስ አይበቃም፤ እነዚህ በስም መጠራት አለባቸው። ረቂቁን ራሷ ጽፋ በቴሌግራም ላከችላት። «መሸጥ» የሚለውን አውጥታዋለች። እህቴ ደውላ «ለምን?» ስትላት «ለመሸጥ ወስነዋል እንዴ?» አለቻት። አልወሰንንም። አዲሱ ውክልና ኤምባሲ ተፈርሞ፣ ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ አልፎ እስኪመጣ እኔ ተመልሼ ነበር።

ማረጋገጫው በወጣ ቀን የቢቸናዋ እህቴ መጣች። ነጠላዋን ተከናንባ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። አጎቴ ቀድሞ ሄዶ ሳማት፤ እኔ ምን ማለት እንዳለብኝ ጠፋኝ። ወረቀቱ ላይ አራት ስም አለ። ስሟን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ስለ ድርሻ አንድም ነገር አልጠየቀችም። የጠየቀችው የአባታችን ፎቶ እንዳለን ነው። ከፋይሉ ውስጥ ጉርድ ፎቶው ነበረ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን አስባዛንላት።

የክፍፍሉ ቀጠሮ መጋቢት ውስጥ ነው።