የሥራ ሰዓት ለመቁጠር፦ መዝገብ፣ ኤክሴል ወይስ የጣት አሻራ ማሽን?

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ያሉ የካፌና የሆቴል ባለቤቶች የሰዓት መቆጣጠሪያ ሊገዙ ሲነሡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋውን ነው። መቅደም የነበረበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ቤቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

ምክንያቱ ሕጉ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ግን እንደ ሰዓቱና እንደ ቀኑ ይለያያል፤ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋት በ1.75፣ በሳምንት የእረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። በወር 6240 ብር የሚከፈላት አስተናጋጅ ደመወዟ ለ208 ሰዓት (26 የሥራ ቀን በ8 ሰዓት ተባዝቶ) ሲካፈል በሰዓት 30 ብር ይደርሳታል። አንዲት የትርፍ ሰዓት እንግዲህ 45፣ 52.50፣ 60 ወይም 75 ብር ልትሆን ትችላለች። ጠቅላላ ድምር ብቻ የሚያወጣ መሣሪያ ሥራውን በግማሽ ትቶታል ማለት ነው።

የፊርማ መዝገብ መብራት ቢጠፋ አይቆምም፤ ክርክር ሲነሣም የሠራተኛው ፊርማ በእጅ ይገኛል። ችግሩ ከልክ ያለፈ ጨዋነቱ ነው፤ ከተማው በዝናብ በተዘጋበት ጠዋት እንኳን ሁሉም ልክ 2 ሰዓት ገብቷል ይላል። አንዱ ለሌላው መፈረሙም የታወቀ ነው። አምስት ስድስት ሠራተኛ ላለው፣ ባለቤቱ ራሱ በር ላይ ለሚውልበት ሱቅ ግን ሌላ ነገር መግዛት ትርፍ ወጪ ይመስለኛል።

ኤክሴል ሰዓት አይመዘግብም፤ የተመዘገበውን ያሰላል። ለአብዛኛው አነስተኛ ድርጅት በቂ ቢሆንም ሦስት ቦታ ላይ ያሳስታል። አንደኛ፣ 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በአስርዮሽ 7.75 እንጂ 7.45 አይደለም። ይህ ስሕተት በየቀኑ ቢደገም ከላይ ያነሣናትን አስተናጋጅ በቀን 9፣ በ26 የሥራ ቀን 234 ብር ያስቀርባታል። ሁለተኛ፣ ማታ ገብቶ ንጋት ላይ ለሚወጣ ሰው መውጫው ከመግቢያው ስለሚያንስ ውጤቱ ኔጌቲቭ ይመጣል፤ በመውጫው ላይ አንድ ቀን መደመር ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ኤክሴል ሰዓትን የሚያስበው እንደ ቀን ክፍልፋይ ስለሆነ በብር ከመባዛቱ በፊት በ24 መባዛት አለበት። በዚህ ላይ የእኛ 8 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ጠዋት አድርጎ ይወስደዋል። ከመዝገብ የሚገለብጠው ሰው ይህን ካላስተዋለ የወሩ ሒሳብ ሁሉ ይበላሻል።

የጣት አሻራ ማሽን የፊርማ መተባበርን ያስቀራል፤ ሠራተኛው ሃያን ካለፈም ዋጋውን ያወጣል። ይሁን እንጂ ዕቃ አጣቢዎችና ግንበኞች የጣታቸው ቆዳ ስለሚፋቅ አሻራቸው በቀላሉ አይነበብም፤ ለእነሱ በካርድ ወይም በፊት የሚለየው ይሻላል። የውስጥ ባትሪ የሌለውን እኔ አልመርጥም። ምሳ ሰዓትን በራሱ እንዲቀንስ ከተስተካከለ ደግሞ ቆሞ እየበላ ያስተናገደውን ሰው ይበድላል። ሪፖርቱ በብዛት የሚወጣው በአውሮፓ ቀን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ወር የሚከፍል ድርጅት የመስከረምን ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ብሎ መጥራት ይኖርበታል።

ጡረታውንና ግብሩን ጭምር የሚያሰላ የደመወዝ ሶፍትዌር የሚያስፈልገው ቅርንጫፍ ለበዛበት ብቻ ነው። ሌላው በየዓመቱ የፈቃድ ክፍያ እየከፈለ ግማሹን አገልግሎት ሳይነካው ይከርማል።

የእኔ ምርጫ ቀን ብቻ ለሚሠራ አነስተኛ ቤት መዝገብና ኤክሴል፣ የሌሊት ፈረቃ ላለው ሆቴል ማሽንና ኤክሴል ነው። ማሽን ሲገዙ የሻጩን ማብራሪያ ብቻ ሰምተው አይመለሱ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብቶ ንጋት 12 ሰዓት የሚወጣ ሰው እንዲያስመዘግብልዎ ይጠይቁና ሪፖርቱን እዚያው ያስወጡ። አንዳንዱ ማሽን እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ስለሚዘጋው ሰውየውን ሁለቱንም ቀን ቀሪ ያደርገዋል። 8 ሰዓት ብሎ በአንድ ቀን ካላሳየ አይክፈሉ።