ለካ ሙሴ ስም አይደለም

እኔ ረጅም ነገር የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ግን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሮጌ ደብዳቤና ፎቶ እያነበቡ የጠፋ ዘመድ የሚፈልጉ አንድ ትልቅ ሰው አመሰግናለሁ፤ እናንተንም ወደ እሳቸው ልልክ ነው። ስማቸውን ግን አልጽፍም። “ፌስቡክ ላይ ስሜን ካወጣሽ ሁለተኛ በሬን አልከፍትልሽም” ብለውኛል። ያደርጉታልም። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። የሚፈልጋቸው ኢንቦክስ ይምጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ አባት ዮሐንስ ሙሴ ይባላል። ቤታችን ውስጥ “አባቱ ፈረንጅ ነው፣ ከአረብ አገር የመጣ” ሲባል ነው ያደግነው። ፈረንጅ ከአረብ አገር እንዴት ይመጣል ብሎ የጠየቀ የለም። ጫማ ሰፊ ነበር ይባላል፤ ልጁ ነፍስ ሳያውቅ አባትየው ሞተ። ልጁን እናቱ ከዘመዶቿ ጋር አሳደገችው፤ ክርስትናም በእኛው ቤተክርስቲያን ተነሳ። የእኛን አገር ስም ደግሞ ታውቁታላችሁ። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ አለቀ። የቤተሰብ ስም ብሎ ነገር የለንም። ሁለት ትውልድ ሲያልፍ የሰውየው ዘር ማንዘር ውሃ በላው።

የቀረን አንድ ፎቶ ነው። ሪዛም ሰውዬ እጁን ወንበር ላይ አሳርፎ ቆሟል። ከጀርባው ሦስት መስመር ጽሑፍ አለ። አንዱ አጎቴ አረብኛ ነው ይላል፣ ሌላው ዕብራይስጥ። አያቴ ደግሞ በሕይወት እያለ “የደብተራ ጽሑፍ ነው፣ አትነካኩት” ይል ነበር አሉ።

እናቴ 72 ዓመቷ ነው። “ሳልሞት የአያቴን ስም ልወቅ” ካለችኝ አራት ዓመት ሆነ። እነዚያን አራት ዓመታት ባልናገራቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ልናገር።

መጀመሪያ “የዘር ሐረግ እናጠናለን” የሚል ሰው አገኘሁ። 18 ሺህ ብር ቅድሚያ ከፈልኩ። ሦስት ወር ስልኬን አያነሳም። በመጨረሻ ባለቀለም ወረቀት ላከልኝ፤ ዛፍ ተስሎበታል። ከላይ “ሙሴ፣ የየመን ነጋዴ” ይላል። የአያቴን ስም አበላሽቶታል። እናቴን ደግሞ ሞታለች ብሎ መስቀል አድርጎባታል! እናቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና “መቼ ነው የሞትኩት?” አለችኝ። ሳቅን። ማታ ግን ለብቻዬ አለቀስኩ፤ ለብሩ አይደለም።

ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ተመላለስኩ። ከመስኮት ወደ መስኮት። ነገ ነይ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሲስተም የለም። ከስንት ጊዜ በኋላ አንዷ ከስልኳ ቀና ሳትል “በሙሴ የተመዘገበ የለም” አለችኝ። በቃ።

አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ምራቁን በቱቦ አድርጎ ዘሩን አስመረመረ። 12 በመቶ ገደማው “አናቶሊያና ካውካሰስ”፣ ማለትም የቱርክና የአርመን አካባቢ፣ ሆኖ መጣ። የዚያን ቀን ትልቁ አጎቴ “አርመን ነን! የአርባ ልጆች ዘር ነን!” ብሎ በግ አረደ። አርባ ልጆችን የማታውቁ ካላችሁ፣ ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ሄደው በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው እልቂት የተረፉ አርመን ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ሙዚቃ ሲጫወቱ አይተው ያመጧቸው ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠራው ሰው ነው። እንደዚህ ያለ ዘመድ ማን ይጠላል?

ጋሼን የጠቆመችኝ የድሮ ጎረቤታችን ናት። እናታቸው አርመን ናቸው፤ ፒያሳ ተወልደው ያደጉ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሰው። ሰው አሮጌ ደብዳቤና ፎቶ ሲያመጣላቸው ያነባሉ፣ መዝገብ ያገላብጣሉ፣ መቃብር ይፈልጋሉ። ማስታወቂያ የላቸውም፣ ቢሮ የላቸውም። ሳሎናቸው ውስጥ አንድ ጠረጴዛና አንድ ማጉያ መነጽር፣ አለቀ።

እናቴን ይዤ ሄድኩ። ገና ሳንቀመጥ የአጎቴን ታሪክ ለቀቅኩባቸው።

“አያትሽ መቼ ተወለዱ?”

“በ1908።”

“በእኛ?”

“በእኛ።”

“እንግዲያው አርባ ልጆች አዲስ አበባ ሲገቡ አያትሽ የስምንት ዓመት ልጅ ናቸው። ከነሱ ሊወለዱ አይችሉም፣ ልጄ።”

በአንድ ደቂቃ! በጉን ሁሉ አሰብኩት።

ቀጥለው “ለመሆኑ ሙሴ ማነው?” አሉ። የአያቴ አባት ስም ነው አልኳቸው። ሳቁ። “ሙሴ እኮ እዚህ ላይ ስም አይደለም። ያኔ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው። የምኒልክን ፈረንጅ አማካሪዎች ሙሴ ኢልግ አላልንም? ሙሴ ሸፍኔ አላልንም? የፈረንሳዮቹ ሙስዬ ነው፣ አቶ እንደማለት። ልጁን የሙሴው ልጅ ሲሉት ሙሴ አባት ሆኖ ቀረ።” እናቴ አፏን ይዛ ቀረች። አራት ዓመት ሙሉ “አቶ” የሚባል ሰው ስፈልግ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ከዚያ ፎቶውን ገልብጠው እንደ ጋዜጣ አነበቡት። “ለውድ እናቴ” ይላል የመጀመሪያው መስመር። ሁለተኛው “ድሬዳዋ፣ 1912”፣ በፈረንጅ መሆኑ ነው። ሦስተኛው ስሙ ነው። ስሙን እዚህ አላወጣውም፣ ዘመዶቼ ገና እየተማከሩ ነው፤ መጨረሻው ግን እንደ አብዛኞቹ “ያን” ነው። ባቡሩ ያኔ ድሬዳዋ ከገባ አሥር ዓመቱ ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ሰውዬው ፎቶውን የተነሳው ለእናቱ ሊልክ ነው። አልላከውም።

ለዚህ ሁሉ የጠየቁኝ 500 ብር ነው። አምስት መቶ!

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሳቸው ደወሉ። “መቃብሩን አግኝቼዋለሁ፤ እናትሽን ይዘሽ ጠዋት ነይ።” እንዴት እንዳገኙት ነግረውኛል፤ መዝገብ፣ ቁጥር፣ ረድፍ፤ አልገባኝም፣ እንደገባኝ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ።

ድንጋዩ ጠፍጣፋ ነው፣ ጥቁርቁር ያለ፣ የድንጋይ ሽበት በቅሎበታል። ምንም የተጻፈበት አይመስልም። ጋሼ በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብለው አጠቡት። ከኪሳቸው የእጅ መስታወት አወጡ፣ ያቺን ሴቶች ቦርሳ ውስጥ የምትገኘዋን። የጠዋቱን ፀሐይ ተቀብለው በጎን ድንጋዩ ላይ ለቀቁት። ፊደሎቹ ከድንጋዩ ብድግ አሉ። ሌላ ቃል የለኝም፣ ብድግ ነው ያሉት።

የእኛን ፊደል ይመስላል፣ ግን አይነበብም። የእናቴን ጣት ያዙና የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ አደረጉት። “ይቺ ህ ናት። ይቺ በ ትመስላለች አይደል? ኦ ናት። ይቺን ደግሞ ሀ ትያታለሽ፤ እነሱ ስ ይሏታል። በይ አንብቢው፣ እህቴ።”

“ሆስ” አለች እናቴ።

“ሆስ ማለት እዚህ ማለት ነው። እዚህ አርፏል ነው የሚለው።”

እናቴ ተንበርክካ እያንዳንዷን ፊደል እየነካች ስሙን አነበበች። ጋሼ መስታወቱን ይዘው ቆመዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ አንዴም አላጣደፏትም። ከስሙ ሥር የተወለደበት ከተማ አለ። አራብጊር። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ከዚያ ብዙ አርመኖች ወደ እኛ አገር መጥተዋል አሉን። እኔና እናቴ ተያየን። አራብጊር። አረብ አገር!

ለመቃብሩ ሥራ ብር ባወጣ ተቆጡኝ። አንድ ኪሎ ቡና ወሰድኩላቸው፣ እሱንም ግማሹን ፈጭተው ለእናቴ መለሱ።

እባካችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ማንም ያላነበበው ደብዳቤ፣ ጀርባው የተጻፈበት ፎቶ፣ “ሙሴ” የሚባል ቅድመ አያት ካላችሁ ጋሼ ጋ ሂዱ። ብራችሁን እንደኔ አትበትኑ። አርመንኛ ካልሆነ አልችልም ይሏችኋል፣ አይዋሹም። ዛሬ ነገ አትበሉ ደግሞ፣ ሰውየው 80 አልፏቸዋል። በስልክ የተነሳ ፎቶ አይቀበሉም፤ ዋናውን ይዛችሁ ሂዱ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ደውሉ፣ ከዚያ በኋላ ይተኛሉ። ስትደውሉም ጮክ በሉ፣ የግራ ጆሯቸው አይሰማም፣ ስልኩን ደግሞ ሁልጊዜ የሚይዙት በግራ ነው።