ዝቅ የተደረገ መኪና ካላችሁ «አሞርዛተሩ ሞቷል» ሲሏችሁ ቶሎ አትክፈሉ

መኪናችሁን ዝቅ አስደርጋችሁ ከፊት እግር «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ የምትሰሙ ሁሉ፣ እባካችሁ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

አጭር ሞላ ካስገባሁ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትንንሽ ጉብታ ላይ ቀስ ብዬ ስነዳ መንኳኳት ጀመረ። የወሰድኩበት ጋራዥ መካኒክ አንዱን ጎማ በክሪክ አንስቶ ነቅነቅ አደረገና «አራቱም አሞርዛተር (የሞላውን መዝለል የሚያረጋጋው፣ ዘይት ያለበት ዕቃ) ሞቷል» አለኝ። አብሮኝ አልነዳም፣ ከስር ገብቶም አላየም። አራቱንም አስቀየርኩ። አሮጌዎቹን ሳያቸው አንዱ ላይ እንኳ የፈሰሰ ዘይት የለም። ከጊቢው ወጥቼ የመጀመሪያውን ጉብታ ስረግጥ ያው ድምፅ! ተመልሼ ስጠይቅ «ዝቅ ያለ መኪና ድምፅ አያጣም» አሉኝ። ይህ ሐሰት ነው። በደንብ የተገጠመ ዝቅ ያለ መኪና ጉዞው ይደርቃል እንጂ አይንኳኳም።

ሌላ መካኒክ የስታቢላይዘሩን (መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል የግራና የቀኝ እግሮችን የሚያገናኘውን ብረት) ሊንክ፣ ማለትም ከእግሩ ጋር የሚያያይዘውን አጭር ዘንግ፣ ከግራም ከቀኝም ፈታና ቀስ ብለን ነዳነው። ድምፁ ጠፋ። ሊንኩን በእጁ ይዞ አሳየኝ፤ የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ፣ ግሪሱ አልቆ፣ ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ወዲያና ወዲህ ትላለች። መኪና ዝቅ ሲል ሊንኩ የሚቆምበት አቅጣጫ ይዛነፋል፤ ርዝመቱ ካልተስተካከለ ኳሷ ወደ አንድ ጎን ተገፍታ ስለምትሠራ ቶሎ ትበላለች። የመጀመሪያው ሰው ያላገኘውም አንድ ጎማ ብቻ ስላነሳ ነው። ያን ጊዜ ስታቢላይዘሩ ይጠመዘዝና ሊንኩን ወጥሮ ይይዘዋል፣ ልልነቱም ይደበቃል። መፈተሽ ያለበት ሁለቱም ጎማዎች እኩል ቆመው፣ ሞላው ክብደቱን ተሸክሞ ነው።

ድምፁን ራሱን አድምጡ። ቆማችሁ መሪ ስታዞሩ ሞላው «ድንግ» ብሎ ከዘለለ የአሞርዛተሩን የላይ መቀመጫና ኩሽኔታውን ጠርጥሩ። ትልቅ ጉድጓድ ላይ ብቻ «ድም» ካለ እግሩ መጨረሻው ደርሶ የማቆሚያውን ላስቲክ እየመታ ሊሆን ይችላል። «ሲጥ ሲጥ» የሚል ከሆነ ደግሞ ጎሚኒዎቹን (በብረቶቹ መጋጠሚያ ያሉትን ላስቲኮች) አሳዩ። የታችኛው አርም (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ብሎን መኪናው ተሰቅሎ እያለ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ ውሎ አድሮም ይቀደዳል። አጥባቂው ጎማው መሬት ከያዘ በኋላ ማጥበቅ ነበረበት።

ዝቅ የተደረገ መኪና ለመግዛት የምታስቡም ተጠንቀቁ። ሞላ በመቁረጥ ዝቅ ያደረጉትን «ስፖርት ሞላ ነው» ብለው የሚሸጡ አሉ። የፊት ጎማዎቹ በደንብ ተደግፈው ሲነሱ ሞላውን በእጃችሁ ሞክሩት፤ ከመቀመጫው ለቆ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ጫፉም በመጋዝ ወይም በእሳት የተቆረጠ ከመሰለ፣ አትግዙት። እንዲህ ያለ ሞላ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ከቦታው ሊወጣ ይችላል፣ ያውም መንገድ ላይ ሳላችሁ።