ክሩዜሮ ወይስ ኢንቲ? ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው ጠየቀኝ። «የደቡብ አሜሪካን የድሮ ገንዘብ መሰብሰብ ልጀምር ነው፣ የብራዚሉን ክሩዜሮ ልግዛ ወይስ የፔሩን ኢንቲ?» ሦስቱንም በስልክ ሳስረዳ ጉሮሮዬ ደረቀ። አራተኛው ይኼን ያንብብ። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ አንዷን ስደርስባት እነግራችኋለሁ።)

መልሱን ቀድሜ ልናገር። ኢንቲ። ለጀማሪ ያለ ጥርጥር ኢንቲ። ክሩዜሮ ቆንጆ አይደለም አላልኩም፣ በጣም ቆንጆ ነው፣ ግን እኔን 65 ዶላር አስበልቶኛል።

ብራዚል ክሩዜሮን በ1942 ነው የጀመረችው። የመጀመሪያዎቹ ኖቶች ኒውዮርክ፣ አሜሪካን ባንክ ኖት ካምፓኒ ታትመው ብራዚል ሄዱ፤ እዚያ ደግሞ ሠራተኞች ቁጭ ብለው በብዕር ይፈርሙባቸው ነበር። አዎ፣ በእጅ! ይኼን ስሰማ አበድኩ፣ ፊርማ ያለበትን ባለ 10 ክሩዜሮ ፍለጋ ገባሁ፣ በወቅቱ ሥልጣን ላይ የነበረው የፕሬዚዳንት ቫርጋስ ምስል ያለበትን። አንድ ሻጭ «ኪስ ያልገባ፣ አዲስ» ብሎ በ65 ዶላር አወጣው። ሳልከራከር ገዛሁ።

መጣ። በዓይን ሲያዩት ንጹሕ ነው። ነገር ግን የዚያ ዘመን ኖት ላይ ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው፤ የቫርጋስ ኮት ላይ ጥፍራችሁን ብታሳልፉ መቆርቆር አለበት። የኔው ልሙጥ ነው። በካውያ ተተኩሷል ማለት ነው። ከዚያ የአልትራቫዮሌት ባትሪዬን አብርቼ ባየው ወረቀቱ በዱቄት ሳሙና እንደታጠበ ነጭ ሸሚዝ ቦግ አለ፣ የድሮ ኖት ወረቀት ግን ጨለም ብሎ ነው የሚቀረው። ታጥቧል። መስኮት ላይ ስለጥፈው ደግሞ ዳር ላይ በኮላ የተደፈነ ቅዳጅ ታየኝ፣ የጥፍር ግማሽ ታክላለች። አጥበው፣ ለጥፈው፣ ተኩሰው ሸጡልኝ። ለሻጩ ብጽፍለት «ፎቶውን አይተው ነው የገዙት» አለኝ። ፎቶ ላይ መቆርቆር አይታይም እኮ ወንድሜ!

አሁን ኢንቲን እንይ። በፔሩ ከ1985 እስከ 1991 ብቻ የኖረ ገንዘብ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ሶል ይባል ነበር፤ ሶል በስፓኒሽ ፀሐይ ነው፣ ኢንቲም በኬችዋ፣ በአገሬው ነባር ሕዝብ ቋንቋ፣ ፀሐይ ነው። ፀሐይን አውርደው ፀሐይን ሾሙ እንበል። አልጠቀመም። በ1990 የዋጋ ንረቱ ከ7,600 በመቶ በላይ ሄደ፣ ኖቱም ከ10 ኢንቲ ተነስቶ 5 ሚሊዮን ደረሰ። እኛ በ2013 (ይቺ በኛ አቆጣጠር ናት) ብር ሲቀየር አሮጌውን ሰጥተን ያንኑ ያህል አዲስ ተቀበልን። እነሱ በ1991 አንድ ሚሊዮን ኢንቲ ሰጥተው አንድ አዲስ ሶል ተቀበሉ።

ይኼ ለሕዝቡ መከራ ነው፣ ለሰብሳቢ ግን ርካሽ ገበያ። ትንንሾቹ ኢንቲዎች ከነእስራቸው ኪስ ሳይገቡ የቀሩ ናቸው፣ ስለዚህ አንድ ዶላር የሚሸጥ ኖት ላይ ማንም ካውያ አያሞቅም። ዋናው ነጥቤ ይኼ ነው። ክሩዜሮው ላይ የምትከፍሉት ለአዲስነቱ ነው፣ አዲስነቱ ደግሞ በቀላሉ የሚፈበረክ ነገር ነው። ኢንቲው ላይ ለመሸወድ የሚደክም ሰው የለም።

ግን ዋጋውን በደንብ አስሉ። እኔ መጀመሪያ ባለ 10 ኢንቲውን ለብቻው ገዛሁት፣ 1 ዶላር። መላኪያው 6 ዶላር! እንደ ጀማሪ ሰባት ዶላር ከፍዬ አንድ ወረቀት ተቀበልኩ። በኋላ ከሌላ ሻጭ ከ10 እስከ 500,000 ያሉትን በሙሉ ባንድ ፖስታ በ24 ዶላር ከነመላኪያው አመጣሁ። አንድ በአንድ ብገዛ ኖሮ ለፖስታ ብቻ 60 ዶላር ልከፍል ነበር። ስለዚህ በጥቅል የሚሸጥላችሁ ሰው ፈልጉ፣ ካልሆነም ሦስት አራት ጓደኛ ሆናችሁ አንድ ላይ እዘዙ። ባለ 5 ሚሊዮኑ ከሌሎቹ ይወደዳል። እኔ አንዴ የታጠፈውን በ18 ዶላር ነው የገዛሁት፣ አንድ እጥፋት አይገድለኝም።

«ቆይቶ ዋጋው ይጨምራል?» የሚለኝ አለ። አይጨምርም። ትርፍ ከፈለጋችሁ ሌላ ሥራ ፈልጉ።

ክሩዜሮ ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ ለምትሉ፣ ያገለገለውን ግዙ፣ አገልግያለሁ ብሎ የመጣውን። የ1961ዱ ባለ 5 ክሩዜሮ ለኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል፦ ብራዚል ውስጥ የታተመ፣ ፊት ለፊት የአገሬው ነባር ሰው፣ ጀርባው ላይ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው የአማዞን ትልቁ አበባ። የኔው የተጨማደደ ነው፣ 2 ዶላር አወጣሁበት፣ ግን ጥፍር ሳሳልፍበት ይቆረቁራል።

ወርቅ ቅብ ሆኖ የሚያብረቀርቅ «ኖት» የሚሸጡላችሁን በሩቁ እለፏቸው። አንድ ጓደኛዬ ሁለት ገዝቶ አሳየኝ። የግድግዳ ጌጥ ነው፣ ገንዘብ አይደለም። ኖቱን የምታስቀምጡበትን ፕላስቲክም አሽትቱት፤ አዲስ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ የሚሸት ከሆነ ከጊዜ በኋላ ኖቱ ላይ ይጣበቃል።

በጀታችሁ አምስት ዶላር ብቻ ከሆነና የሚያቀብላችሁ ሰው ካለ ሁለት ኖት ይበቃችኋል፤ ባለ 10 ኢንቲውና ባለ 500,000ው። ሁለቱም ላይ ያለው አንድ ሰው ነው፣ ሪካርዶ ፓልማ፣ ከቺሊ ጋር በተደረገው ጦርነት የተዘረፈውን የፔሩን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየለመነ መልሶ ያቋቋመው ደራሲ። ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሰውዬው ያው ራሱ ነው፣ ቁጥሩ ነው ሃምሳ ሺህ እጥፍ የሆነው።