ለኦንላይን የክሊኒካል ሪሰርች ማስተርስ ልትከፍሉ ነው? ቆዩ፣ መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ነርሶች፣ ፋርማሲስቶች፣ የላብራቶሪና የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ክሊኒካል ትራያል (አዲስ መድኃኒት ወይም ሕክምና በሰው ላይ የሚሞከርበት ጥናት) ላይ ሲሠራ ደመወዙ ደህና መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ በቴሌግራም «የአሜሪካ ማስተርስ በክሊኒካል ሪሰርች፣ ከሥራችሁ ሳትለዩ፣ ባጭር ጊዜ» እያሉ ገንዘብ እየሰበሰቡ ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከፍላለች። የእሷንም የ«ዩኒቨርሲቲውን»ም ስም አልጠራም። ወረቀቶቹን ግን አንድ በአንድ አሳይታኛለች። ሌላ ሰው ገንዘቡን እንዳይበሉት ጻፊው ያለችኝም እሷ ናት።

ከክፍያው ልጀምር። ውሉ ላይ ዋጋው በዶላር ነው የተጻፈው። ገንዘቡ የሚገባው ግን እዚሁ አዲስ አበባ ባለ፣ በአንድ ግለሰብ ስም በተከፈተ የብር ሒሳብ ነው። ደረሰኝ ብላ ስትጠይቅ የላኩላት ማኅተም የሌለው ፒዲኤፍ ነው። ከታች በደቃቅ ፊደል «ቀሪው ክፍያ በዕለቱ ምንዛሬ ይታሰባል፣ የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። የመጀመሪያውን ክፍያ የፈጸመችው ከሐምሌ 2016 በፊት ነበር። ከዚያ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ቀሪው ዕዳ በብር ሲሰላ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህን በነርስ ደመወዝ አስቡት።

«እውቅና አለን» ይላሉ፤ እውነትም የእውቅና ወረቀት ይልካሉ። ጥያቄው እውቅና ሰጪው ራሱ ማን ነው የሚለው ነው። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የሚቀበላቸውን እውቅና ሰጪ ድርጅቶችና እነሱ እውቅና የሰጧቸውን ኮሌጆች ዝርዝር በነፃ ድረ ገጹ ላይ አውጥቷል። ቺያ (CHEA) የሚባለው የአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት እውቅና ምክር ቤትም የራሱ ዝርዝር አለው። ሁለቱም ላይ ፈለግን። ኮሌጁም የለም፣ እውቅና ሰጪው ድርጅትም የለም። የሁለቱ ድረ ገጾች የስልክ ቁጥር ግን አንድ ነው! ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የተጋለጠው አክሳክት የተባለ የካራቺ፣ ፓኪስታን ኩባንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሌሉ ትምህርት ቤቶችን ድረ ገጽ ከፍቶ፣ እውቅና የሚሰጧቸውን ድርጅቶችም ራሱ ፈጥሮ ነበር ዲግሪ ሲሸጥ የኖረው።

እኔን ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በታካሚዎች ላይ ነው። ከካርዳቸው መረጃ ወስዳለች፣ ቃለ መጠይቅም አድርጋለች። ከትምህርት ቤቱ አንድም ሰው «የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አለሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም። አማካሪ ተብሎ የተመደበላት ሰው በኢሜይል የመለሰላት «ጥሩ ነው፣ ቀጥዪ» ብቻ ነው። የስምምነት ቅጽ እንዴት እንደሚዘጋጅ አላስተማሯትም። ማንበብ የማይችል ታካሚ ሲመጣ ምስክር ፊት ተነቦለት እንደሚፈርም አልነገሯትም። ትራያል ላይ ያለ ሰው ከባድ ጉዳት ሲደርስበት ለማን፣ በምን ፍጥነት ሪፖርት እንደሚደረግ አንድ ስላይድ እንኳ የለም። ይህ እኮ የሙያው ልብ ነው! አንድ ሰው ሰውነቱን አምኖ ሲሰጠን የምንጠብቀው በዚህ ነው። ያን ሳያስተምሩ የክሊኒካል ሪሰርች ማስተርስ ሰጠን ማለት በታካሚ ሕይወት መቀለድ ነው።

ዲግሪው ሲደርሳትስ? የውጭ አገር ዲግሪ እዚህ እንዲሠራ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ያስፈልገዋል። ትምህርት ቤቱ በገዛ አገሩ እውቅና ከሌለው እዚያ የሚጠብቃችሁ የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን ስም ይዛችሁ ባለሥልጣኑን ጠይቁ። ኤጀንቱ «እሱን እኛ እንጨርሰዋለን» ካላችሁ፣ በቃ፣ ስልኩን ዝጉት።

ደግሞ ሥራውን ለመጀመር ማስተርስ የግድ አይደለም። ትራያል የሚሠሩ ቦታዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት የጂሲፒ (GCP፣ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት በአግባቡ የሚሠራበት ደንብ) ሰርተፊኬት ነው። እሱን ግሎባል ሄልዝ ኔትወርክ በኦንላይን በነፃ ይሰጣል፤ ናይዳ (NIDA) የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ተቋምም እንዲሁ። ባልደረባዬ ከከፈለችበት «ኮርስ» ይልቅ በዚህ የምታገኙት ይበልጣል። ኤሲአርፒ (ACRP) የሚባለው የክሊኒካል ሪሰርች ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠውን የሙያ ሰርተፊኬት የምትመኙ ካላችሁ ደግሞ፣ በመደበኛው መንገድ 3,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ነው የሚጠይቀው። ልምድ ደግሞ በቴሌግራም አይሸጥም። ዳታ ኮሌክተርም ሆናችሁ ግቡ፣ ከዚያ ወደ አስተባባሪነት ታድጋላችሁ።

ማስተርሱን የግድ እፈልገዋለሁ ለሚል፣ የለንደን ስኩል ኦፍ ሃይጂን ኤንድ ትሮፒካል ሜዲስን ክሊኒካል ትራያልን በርቀት በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል። ውድ ነው፤ ስለዚህ ስኮላርሺፕ አብራችሁ ፈልጉ። እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ለመድኃኒት ግኝትና ለክሊኒካል ትራያል የተቋቋመ ሲዲቲ-አፍሪካ የሚባል ማዕከል አለ። ሄዳችሁ በአካል አነጋግሯቸው።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ቀሪውን ክፍያ አቁሙ። ባልደረባዬን «ለመሥሪያ ቤትሽ ደብዳቤ እንጽፋለን» ብለው አስፈራርተዋታል። እስካሁን ምንም ደብዳቤ አልመጣም። የቴሌግራም ንግግሩን በሙሉ ስክሪንሾት አንሱ፤ ነገሩ ሲነሳባቸው ማጥፋት ይጀምራሉና ዛሬውኑ አድርጉት። ገንዘቡን ያስገባችሁበትን የሒሳብ ቁጥርና የባንክ ወረቀቱን ያዙና ለፖሊስ አመልክቱ። የእሷ ማመልከቻ ገብቷል። በዚያው ግለሰብ ሒሳብ የከፈለ ሌላ ሰው ካለ አብሮ ቢያመለክት ጉዳዩ ክብደት ያገኛል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።