በጥቅምት ከእማዬ ጋር ወደ ሐይቅ

ልጆቼ መፀው ሲባል የሚያውቁት የሚኒሶታውን ነው። ቅጠሉ ይቀላል፣ ይረግፋል፣ እርሻ ቦታ ሄደን ዱባ እንመርጣለን። እኔ ያደግኩበትን የደሴን ጥቅምት ግን አይተውት አያውቁም። እስካሁን የምንመጣው ትምህርት ሲዘጋ፣ በክረምት፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሳለ ነበር። ዘንድሮ ከትምህርት ቤታቸው አስፈቅጄ ጥቅምት ላይ ይዣቸው መጣሁ።

ከአዲስ አበባ እስከ ኮምቦልቻ የበረርነው በአውሮፕላን ነው። ትንንሽ ልጆች ለያዘ ሰው እሱን እመክራለሁ፤ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆቴሉ እልካለሁ ያለን መኪና ግን አልመጣም። በደወልኩ ቁጥር «እየደረሰ ነው» ይሉኛል። ከአንድ ሰዓት በላይ ሻንጣ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። በጣም ነው የተናደድኩት። በመጨረሻ እዚያው የነበረ አንድ ወጣት ባለ ሚኒባስ በኮንትራት ወሰደን።

እንኳንም የሆቴሉ መኪና ቀረብን! ባለ ሚኒባሱ ልጅ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ አንዴም አልተጣደፈም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ የልጆቹ ጆሮ ተደፈነ። መንገድ ዳር አቁሞ ውሃ አጠጣቸው። ያን ሳምንት ሙሉ ሹፌራችን እሱ ሆነ።

ስለ ሆቴሉ ብዙ አልልም። አልጋው ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውሃ የሚመጣው ግን ጠዋት ብቻ ነው። የደሴን የጥቅምት ማታ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቅዳሜ እማዬን ከቤቷ ይዘን ወደ ሐይቅ ከተማ ወረድን። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ እማዬ ባቄላ አየችና «የኔ ልጅ፣ እስቲ አቁምልኝ» አለችው። «አብሽሩ እናቴ» ብሎ ወረደ። ባለማሳውን ፈልጎ ሰላም ብሎ አስፈቀደ፤ ዝም ብሎ አልቆረጠም። ሰውዬው አንድ እቅፍ እሸት ሰጠን፣ ገንዘብ ግን እንቢ አለ። እማዬ ገንዘቡን ለሰውዬው ልጅ አስጨበጠችው።

ከዚያ ልጄን አጠገቧ አስቀምጣ አስተማረቻት። ቆባውን በጥፍር ጫፍ ሰንጠቅ፣ በአውራ ጣት ገፋ። ውስጡ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር አለ፤ ፍሬው እርጥብ ሆኖ እዚያ ላይ ተኝቷል። ልጄ አንዷን ቀመሰችና ዝም አለች። ከዚያ እቅፉን ወደ ራሷ ሳበችው። እኔ በመስኮት በኩል ዞሬ አለቀስኩ።

ሐይቁ ዳር ዓሣ በላን። ቆሮሶው ከነእሳቱ ነው የሚቀርበው፤ ጎን ጎኑ ተተልትሎ የተጠበሰ፣ ከሎሚና ከሚጥሚጣ ጋር። አስተናጋጇ ሳንጠይቃት የእማዬን ድርሻ እሾሁን አወጣችላት። የመጸዳጃ ቤቱ ነገር ግን መስተካከል አለበት፤ ውሃ የለውም፣ አሮጊት ይዞ ለሚመጣ ያስቸግራል።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ ነው። ባለቤቴና ወንዱ ልጄ ገብተው ተሳለሙ። እኛ ሦስታችን ውሃው ዳር ተቀምጠን የቀረውን ባቄላ ፈለፈልን።

ማታ እማዬ ሹፌሩን ቡና ሳትጠራው አልለቀቀችውም። እስከ በረካ ጠጥቶ ሄደ። ስልክ ቁጥሩን እማዬ ደብተሯ ላይ አስጽፋለች፤ ወደ ሐኪም ቤት ስትሄድ እሱን ነው የምትጠራው።

ለመምጣት ካሰባችሁ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ኑ፣ ባቄላው ሳይደርቅ።