ባህር ዳር ላይ ፊልም ለምትገዙ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለችውን ሱቅ እዩዋት

ባህር ዳር ሆናችሁ ፊልም በዲስክም በፍላሽም የምትገዙ ካላችሁ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለችውን ትንሿን ፊልም ቤት እዩልኝ። ጠባብ ናት ግን ልጁ ስራውን ያውቃል፣ ገና ስትገቡ "እህቴ፣ ቤት ያለው ማጫወቻ ምንድነው?" ነው የሚለው። ባለፈው አንዲት እናት የመዝሙር ዲቪዲ ይዘው ሊከፍሉ ሲሉ "እማማ፣ ማጫወቻዎ የድሮው ቪሲዲ ከሆነ ይሄን አያነብልዎትም" ብሎ ዋጋው የሚያንሰውን ቪሲዲ ከስር ፈልጎ ሰጣቸው፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ፎርማት (የካሴቱ ወይም የዲስኩ ዓይነት) በበዛ ቁጥር የሚከስረው ገዢው ነዋ። ሶኒ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ቤታማክስ የሚባለውን የቪዲዮ ካሴት አወጣ፣ በዓመቱ ጄቪሲ ቪኤችኤስ የሚባለውን ሌላ ካሴት ይዞ መጣ፣ የቤታማክስ ካሴት መጀመሪያ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር የሚይዘው ቪኤችኤስ ግን ሁለት ሰዓት፣ ሙሉ ፊልም ማለት ነው፣ ሰው ወደዛ ሄደ። በ2006 ደግሞ ዲቪዲን ሊተኩ የመጡት ሁለት ዲስኮች፣ ብሉሬይና ኤችዲ ዲቪዲ ተፋጠጡ፣ በ2008 ቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲን ተወው፣ ማጫወቻውን ከነፊልሙ የገዛው ሰው ግን ብሩን ማን ይመልስለት?

እዚሁ ከተማ ሌላ ሱቅ ዲቪዲ ማጫወቻ እንዳለኝ እየነገርኳቸው ብሉሬይ ሸጡልኝ፣ ስመልሰው "የተከፈተ እቃ አንቀበልም" አሉኝ። በጣም ነው ያናደደኝ። ብሉሬይ ማጫወቻ ዲቪዲ ያነባል፣ ዲቪዲ ማጫወቻ ግን ብሉሬይን በፍፁም አያነብም፣ ዲስኩን የሚያነብበት ጨረር ራሱ ሌላ ነው፣ ይሄንን ሻጭ ካልነገረ ማን ይንገር።

የጊዮርጊሱ ልጅ ግን ዲስኩን ገልብጦ መብራት ላይ ያዘነብለውና ጠርዙን ያያል፣ ከዛ ማጫወቻ ውስጥ ከቶ የፊልሙን መጨረሻ ይከፍታል። ዲቪዲ ከመሀል ወደ ዳር ስለሚነበብ ጣት የነካው ጠርዝ መጨረሻው ላይ ነው የሚያንቀራፍፈው፣ እኛ ደግሞ መጀመሪያውን ብቻ አይተን ነው ከፍለን የምንወጣው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ ዲቪዲ እምቢ ካለም ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት፣ ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚሰራ የሚለይ ሪጅን የሚባል ቁጥር አለው፣ የነሱ ሪጅን 1 ነው የኛ 5፣ ሁሉንም ሪጅን የሚያነብ ማጫወቻ ስላለው እዛው ይሞክርላችኋል።

ፍላሽም ላይ የቲቪያችሁን ዓይነት ይጠይቃል፣ ፊልሙ ኤች 265 በሚባለው አዲስ የቪዲዮ መጭመቂያ የተሰራ ከሆነ አሮጌ ቲቪ ድምፅ ብቻ ሰጥቶ ምስሉን ያጠቁራል፣ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይገባም።

የማልወድለት ዲቪዲውንም ብሉሬዩንም አንድ መደርደሪያ ላይ ማደባለቁን ነው፣ ለይተህ ለጥፍበት ብዬዋለሁ። ኦሪጅናል የአማርኛ ፊልምም ጥቂት ነው ያለው፣ የሰሩት ሰዎች ልፋት ነው እሱን ያብዛልን። ማታ ማታ ስለሚጨናነቅ ጠዋት ሂዱ፣ ያኔ ተረጋግቶ ያስተናግዳችኋል።